ለወፍጮ ቤት የተሠራ የጆሮ መከላከያ ለጠመንጃ ሲውል

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ዝርዝሩን ከፈለግክ ታነባለህ። ባሕር ዳር ከአንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ የገዛሁት፣ ሄድፎን የሚመስለው ርካሽ የጆሮ መከላከያ ሥራውን ይሠራል። ከአምስት አራት ሰጥቸዋለሁ። አብሬ ያሠራሁት የሰደፍ ትራስ (ትከሻ ላይ በሚያርፈው የጠመንጃ ጫፍ የሚታሰረው) ግን ከአምስት ሁለት ነው፣ ያውም ለጫማ ሰፊው ድካም ብዬ።

የገዛሁት ለወንድሜ ልጅ ነው። ቡሬ አካባቢ በቆሎ ያመርታል፤ በቆሎ ካለ ደግሞ ከርከሮ አለ። በስሙ የተመዘገበ ቤልጅግ አለው። ጠመንጃው አሮጌ ቢሆንም ደህና ነው፣ አፈሙዙ ንጹሕ ነው፣ ማነጣጠሪያው አልተነካካም። ግን ልጁ ይስታል። ቆሜ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ቃታውን ሊስብ ሲል ዓይኑ ጭፍን ይላል፣ ቀኝ ትከሻው ወደፊት ይገፋል፣ አፈሙዙ ይደፋል፣ ጥይቱም ከኢላማው በታች አፈር ይበትናል። ይበረግጋል ማለት ነው፤ ያውም ጠመንጃው ከመተኮሱ በፊት።

ልጁ ፈሪ እንዳይመስልህ። ሌሊት ብቻውን ማሳ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። መበርገግ ከወኔ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሰውነት አንድ ጊዜ ከባድ ድምፅና ምት ከቀመሰ በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ። ለዚህ ነው «አይዞህ፣ ወንድ ሁን» ብሎ መምከር ጥቅም የሌለው። ይልቁንም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ልጁ አሁን ስለ ጠመንጃውም ስለ ተመልካቹም ማሰብ ሊጀምር ነው።

ወደ ዕቃው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፣ የዱር እንስሳ ማደንም እንዲሁ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ይህን ያልጨረሰ ሰው የጆሮ መከላከያ ከመግዛቱ በፊት እሱን ይጨርስ።

ብዙ ሰው የሚያስበርግገው የትከሻው ምት ይመስለዋል። እኔ ግን ዋናው ጥፋተኛ ጆሮ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ ከፈለግክ ክላሽን እይ። የክላሽ ግፊት ቀላል ነው፣ ትከሻ አይጎዳም፣ ልጅ እግር ሁሉ ያለ ችግር ይይዘዋል። ታዲያ ክላሽ ይዞ ዓይኑን የሚጨፍን ስንት አለ? ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚለቁትን ፊታቸውን ብቻ ተመልከት። (ያ ወደ ላይ የተለቀቀ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማንም አይጠይቅም፣ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ትከሻቸውን የነካው ነገር ሳይኖር ፊታቸው ጭምድድ ይላል። ከድምፁ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ቤልጅግ ደግሞ ሁለቱንም ያመጣብሃል። ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጠመንጃው 4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ የሰደፉ ጫፍ ብረት ነው። ያ ብረት በቀጭን ሸሚዝ ላይ ሲያርፍ ይሰማል፣ አልዋሽም። ስለዚህ ሁለቱንም እንሞክር ብዬ ነው ለጆሮውም ለትከሻውም ዕቃ ያዘጋጀሁት። እንደ ጠበቅኩት፣ ልዩነት ያመጣው የጆሮው ነው።

ግዢው ራሱ አስቂኝ ነበር። ሱቁ የራስ ቁር፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የብየዳ ጭምብል የሚሸጥ ነው። ባለሱቁ «ለወፍጮ ነው ለግራይንደር?» አለኝ። «ለጠመንጃ» አልኩት። ዙሪያውን ቃኘት አደረገና ድምፁን ቀንሶ «ወንድሜ፣ ለወፍጮ በል» አለኝ። ተሳስቀን ተለያየን። መስተንግዶው ጥሩ ነው፤ ሦስት ዓይነት አውጥቶ በራሴ ላይ አስሞክሮኛል፣ አልጨቀጨቀኝም፣ ካርቶኑን ከፍቼ ሳነብ ታግሦኛል። ዋጋ አልጽፍም፣ ምክንያቱም ይህን እስክታነብ ድረስ ይቀየራል። ይህን ያህል ግን ልበልህ፤ ጥይት ገዝተህ የምታውቅ ከሆነ የዚህ ዕቃ ዋጋ አያስደነግጥህም።

ካርቶኑን ማንበብ ያልኩት ለወሬ አይደለም። ላዩ ላይ ኤስኤንአር ወይም ኤንአርአር የሚል ምልክትና ቁጥር መኖር አለበት። ቁጥሩ ድምፁን በስንት ዲሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) እንደሚቀንስ ይናገራል። የመጀመሪያው የአውሮፓ አለካክ ነው፣ ሁለተኛው የአሜሪካ። የእኔው ኤስኤንአር 27 ይላል፣ ኢኤን 352 የሚል የአውሮፓ ደረጃም ተጽፎበታል። የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም፤ ምንም ያልተጻፈበትን ግን አትግዛ። እሱ ብርድ መከላከያ ነው።

አሁን ቁጥሩን ከጠመንጃው ጋር እናገናኘው። የትልቅ ጠመንጃ ተኩስ ተኳሹ ጆሮ ላይ ሲደርስ 160 ዲሲቤል ገደማ ነው። እንዲህ ላለ ድንገተኛ ድምፅ ለአዋቂ ሰው የተቀመጠው ጣሪያ 140 ነው። ከዚያ በላይ አንድ ተኩስ እንኳ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ዲሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ በየ10ሩ የድምፁ ኃይል በአሥር ይባዛል። 25 ዲሲቤል ተቀነሰ ማለት ኃይሉ ከ300 ጊዜ በላይ አነሰ ማለት ነው። ለዚህ ነው አንድ ርካሽ ፕላስቲክ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው።

ጆሮ ከተጎዳ ደግሞ ተመላሽ የለውም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። አገራችን ላይ ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ብዙ የተኮሱ ሽማግሌዎችን ስታናግር ቀኝ ጆሯቸውን ወደ አንተ ዞር ያደርጋሉ፣ አስተውለህ ታውቃለህ? በቀኝ ትከሻ የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ የቀረበ ነው፣ ቀኙን ራሱ ጭንቅላቱ ይከልልለታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሄደው ግራው ነው። ልጁን ስናለማምድ አንድ የሰፈራችን አባት መጥተው «ወንድ ልጅ ጆሮውን ጠቅልሎ ይተኩሳል እንዴ?» አሉ። በግራቸው በኩል ቆሜ ስለነበር ቀስ ብዬ «አባባ፣ ይህኛው ጆሮዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ምን አልክ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ዕቃው አጠቃቀም ላይ ሁለት እንከን አለበት። አንደኛው ውፍረቱ ነው። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ ስታሳርፍ የቀኝ ጆሮው ኩባያ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል፣ ከፍ ይላል፣ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተት ካለ ደግሞ ድምፁ ዘሎ ይገባል፣ ልጁም እንደገና ይበረግጋል። ኩባያውን ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል። የሚሻለው ግን ሱቅ ውስጥ ቀጭኑን መምረጥ ነው። ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ ለጠመንጃ አይበጅም፤ ስሪኤም የሚባለው ኩባንያ ፔልቶር ኤክስ5ኤ የሚለው ሞዴሉ ኤንአርአር 31 ነው፣ በጣም ጎበዝ ዕቃ ነው፣ ግን ኩባያው ወፍራም ነው። ለወፍጮ ቤት ሠራተኛ ግሩም፣ ለጉንጭና ለሰደፍ ግን ጠላት።

ሁለተኛው እንከን የዕቃው ሳይሆን የእኛ አለባበስ ነው። ጋቢ ተከናንበህ፣ ወይም ኮፍያህን እስከ ጆሮህ አውርደህ፣ ከላይ ኩባያውን ብትደፋበት ዋጋ የለውም። ስፖንጁ ቆዳ መንካት አለበት። ወፍራም እግር ያለው መነጽርም እንዲሁ ያስተነፍሰዋል። ልጁ በጠዋት ብርድ ጋቢውን አላወልቅ ብሎ ብዙ ተጨቃጭቀናል።

እዚህ ላይ ከኩባያው ጋር አብሮ የሚሸጠውን የስፖንጅ መወተፊያ አትናቀው። ትንሽ ነገር ናት፣ ብዙ ሰው ግን አያውቅባትም። ጫፏን ብቻ ጆሮ ውስጥ ሸጉጦ «አይሠራም» ይላል። በንጹሕ ጣት እንደ ክር እስክትቀጥን ታሽከረክራታለህ፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ከኋላ በኩል ወደ ላይ ትስባለህ፣ ታስገባታለህ፣ ከዚያ እስክትነፋ ድረስ በጣትህ ጫን አድርገህ ትቆያለህ። የራስህ ድምፅ ከሆድህ የሚወጣ ሲመስልህ በትክክል ገብታለች። በላዩ ላይ ኩባያውን ስትደርብ ወደ 5 ዲሲቤል ገደማ ይጨምርልሃል። 27 እና 27 ተደምሮ 54 አይሆንም፣ ያንን የሚነግርህ ሻጭ ካለ አትመነው።

ልጁ ሁለቱንም አድርጎ የመጀመሪያዋን ሲተኩስ ከጠመንጃው ቀና ብሎ አየኝና «ጋሸ፣ ጮኸ እንዴ?» አለኝ። ዓይኑ አልተጨፈነም ነበር። ትከሻው ግን ያው ነው፣ ጠመንጃው ያው ነው፣ ጥይቱም ያው ነው።

እንዲህ ስል መከላከያው ብቻውን ይፈውሳል ማለቴ አይደለም። የለመደ ሰውነት ቶሎ አይረሳም። ዕቃው በሩን ይከፍትልሃል፣ ልምምዱ ግን አለ። ጥይት ውድ ነው፣ አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ እንደ ድሮው በየሜዳው ተኩስ ማሰማት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ደግነቱ አብዛኛው ልምምድ ያለ ጥይት ነው የሚሠራው።

ጠመንጃውን ባዶ ታደርጋለህ። በዓይን ታያለህ፣ በጣትም ትዳስሳለህ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ታስቀምጣለህ፣ አፈሙዙን ከጀርባው ሰው ወደሌለበት የድንጋይ ወይም የአፈር ግድግዳ ታዞራለህ። ከዚያ አንድ ሰው የአንድ ብር ሳንቲም አፈሙዙ ላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ ብሎ ያስቀምጥልሃል። ቃታውን ስበህ ቀጭ ሲል ሳንቲሙ ካልወደቀ ጥሩ ነው። ከወደቀ አንተ ነህ የገፋኸው። መጀመሪያ ሰሞን አንበሳው መሬት ለመሬት ሲንከባለል ነው የሚውለው።

የቤልጅግ ቃታ ደግሞ ለዚህ ልምምድ ይመቻል። ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ልል ሆኖ ይመጣልሃል፣ ከዚያ ጠንከር ብሎ ይቆማል። እዚያ ድረስ ውሰደውና ቆም በል፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያልክ ብቻ ጫን። መቼ እንደሚለቅ አንተም ማወቅ የለብህም። ካላወቅክ ቀድመህ የምትበረግግበት ቅጽበት አታገኝም። ትንፋሽህንም ብዙ አትያዝ፤ ሲረዝም ዓይን ይደክማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውም «በቃ ልገላገል» ብሎ ቃታውን ይመነጭቀዋል። ካልሆነልህ ተወው፣ ተንፍስና እንደገና ጀምር።

ሌላው፣ እኔ የምወደው፣ ጓደኛ የሚፈልገው ልምምድ ነው። ተኳሹ ፊቱን ያዞራል፣ ጓደኛው ወይ ጥይት ወይ የተተኮሰ ቀለህ ያጎርሳል፣ የቱ እንደሆነ አይናገርም። ተኳሹ አነጣጥሮ ይስባል። ቀለህ ከሆነ ቀጭ ብቻ ይላል፣ ግን አፈሙዙ ተደፍቶ ሰደፉ ተገፍቶ ታየዋለህ፣ መደበቂያ የለም። ጥይት ሲሆን ግፊቱ ሁሉንም ይሸፍነዋል፣ ለዚህ ነው ሰው ራሱን ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን የሚበረግገው። ቤልጅግ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፤ ካርታው (የጥይት ማስቀመጫው) ባዶ ሲሆን ጥይት የሚገፋው ብረት ብቅ ብሎ ማቀባበያውን አያስዘጋም። ስለዚህ ቀለሁን ከላይ ካርታው ውስጥ አስገብቶ ማቀባበል ይሻላል። ቀለህ ውስጥ መኖሩ ጥይቱን ለሚመታው መርፌም ጥሩ ነው፣ በአሮጌ ጠመንጃ ባዶውን ደጋግሞ መቀጭቀጭ አይመከርም፤ በሳንቲሙ ልምምድም ቀለህ አጉርስበት። ማን ምን እንዳጎረሰ የማይታወቅበት ልምምድ ስለሆነም ሁልጊዜ ጥይት እንዳለ ቁጠረው፣ ከኢላማው ጀርባም ወፍራም የአፈር ቁልል ይኑር።

ይህን ለሚጠራጠር አንድ ሒሳብ ልጨምር። አንድን ሰከንድ ለሺህ ብትከፍለው፣ ጥይቱ ሁለቱን ክፋይ ሳይጨርስ ከአፈሙዝ ወጥቶ ሄዷል። ጠመንጃው ትከሻህን በደንብ ገፍቶ ሳይጨርስ ጉዳዩ አልቋል። ከተተኮሰ በኋላ ብትደነግጥ፣ ብትዘል፣ ብትወድቅም ኢላማው ላይ ለውጥ አያመጣም። የሚያስተው ከዚያ በፊት ያለው ብቻ ነው።

የሰደፍ ትራሱ ጉዳይ አጭር ነው። አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ ከቆዳና ከስፖንጅ አሠራሁት። ስፌቱ ያምራል፣ ክሩ ጠንካራ ነው፣ ማሰሪያውም አይንሸራተትም። ግን ስፖንጁ ለስላሳ ስለሆነ ብረቱ አልፎት ይመጣል፣ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ደግሞ ሟሟ። «ጠንካራ ጎማ አድርግበት» ብዬ ነግሬው ነበር፣ «ይሄ ይሻላል» አለኝ። ሌላው ጣጣ ርዝመቱ ነው። ትራሱ ሰደፉን ያስረዝመዋል። ልጁ አጭር ስለሆነ ጉንጩ ወደ ኋላ ቀረ፣ ማነጣጠሪያው ራቀበት፣ አንገቱን መስገግ ጀመረ። አንገት ሲሰገግ ደግሞ የጆሮ መከላከያው ይነሳል። ሁለቱ ዕቃዎች ተጣሉ ማለት ነው። በመጨረሻ አውልቀን ጋቢውን አጣጥፈን ትከሻው ላይ አደረግን፣ አያቶቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰደፉን ወደ ትከሻ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ከትራስ ይበልጣል፤ የሚያቆስለው በሰደፍና በትከሻ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

አሁን አንድ ትልቅ ጉድለት። ይህ ርካሽ መከላከያ ሁሉንም ድምፅ ነው የሚዘጋው። ልምምድ ላይ ጥሩ ነው፣ ማሳ ላይ ግን ከርከሮውን አትሰማም፣ ጓደኛህ «ቆይ፣ ሰው አለ!» ቢልህም አትሰማም። ያ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ብቻህን ሆነህ በጨለማ አታድርገው። ለዚህ መፍትሔው ባትሪ ያለው ዓይነት ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ሃዋርድ ላይት ኢምፓክት ስፖርት የሚባለውን አሳይቶኝ ሞክሬዋለሁ። በሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራል፣ ወሬና የእግር ኮቴ አጉልቶ ያሰማሃል፣ ድምፅ ከ82 ዲሲቤል ሲያልፍ ማጉላቱን ያቆማል። ኤንአርአሩ 22 ብቻ ስለሆነ ለቤልጅግ ከሥሩ መወተፊያ እጨምርበታለሁ። ኩባያው ቀጭን ነው፣ ሰደፍ አይገጭም። ከተገኘ ከእኔው ይበልጣል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ግን አላየሁትም፣ የሚያመጣልህ ዘመድ ካለህ ንገረው።

ልትገዛ ከሄድክ ኮፍያህንና መነጽርህን ይዘህ ሂድ፣ አድርገህ ሞክረው። ጉንጭህን መዳፍህ ላይ አሳርፈህ ኩባያው ይነሳ አይነሳ እይ። ስፖንጁን በጣትህ ተጫነው፣ ቶሎ ካልተመለሰ አሮጌ ነው፣ ሌላ አስወጣ። መለዋወጫ ስፖንጅ ካላቸውም አብረህ ግዛ፤ እኔ ስጠይቅ አልነበራቸውም፣ የልጁ የግራ ኩባያ ስፖንጅ ደግሞ ከወዲሁ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ለዚያ ነው አምስተኛውን ኮከብ የከለከልኩት።